ቤተኛ የመሆን ጥያቄ፦ ጥቁር ሴቶች በሰሜኑ «የሕዝብ ቤት»

በአማርኛ «እንግዳ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው፤ በአንድ በኩል አክብረው የተቀበሉትን፣ ውኃ ቀርቦለት እጁን የሚታጠበውንና ጥሩው መቀመጫ የሚለቀቅለትን ሰው ሲያመለክት፣ በሌላ በኩል ያልተለመደውን፣ ባዳ የሆነውንና ዓይን የሚፈጠጥበትን ነገር ይጠራበታል። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል መጠለላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለእንግዳ የሚደረገው ክብር፣ ክብርነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሰውየው የዚያ ቤት ሰው አለመሆኑን በየደቂቃው የሚያስታውስ ሥርዓት ነውና። ከእንግዳ ማዶ «ቤተኛ» አለ፤ ቤተኛ ማለት «ግባ» ሳይባል የሚገባ፣ ወጡ ጨው ሲበዛበት «ጨው በዝቶበታል» ለማለት የማይሳቀቅ ሰው ነው፤ እንግዳ ግን ያንኑ ወጥ «እጃችሁ ይባረክ» ብሎ ይበላል። ከሁለቱ አጠገብ ደግሞ «ባለቤት» የሚለው ቃል ይገኛል፤ እርሱም የንብረትን ጌታ፣ የትዳር ጓደኛን፣ እንዲሁም በሰዋስው ድርጊቱን የሚፈጽመውን የዓረፍተ ነገር ክፍል ያመለክታል፤ ድርጊቱ የሚያርፍበት ወገን «ተሳቢ» ይባላል።

እነዚህ አራት ቃላት፣ ማለትም እንግዳ፣ ቤተኛ፣ ባለቤትና ተሳቢ፣ በኖርዲክ አገሮች በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክ፣ በፊንላንድና በአይስላንድ የሚኖሩ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሴቶች የሚያነሡትን የአባልነት ጥያቄ ለመመርመር ከብዙ የውጭ ቃል ይልቅ ያገለግላሉ። ጥያቄው እነዚህ ኅብረተሰቦች ጥቁር ሴትን ተቀብለዋታል ወይስ አልተቀበሏትም የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ አያስቸግርም ነበር፤ በሕግ፣ በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት በኩል ተቀብለዋታልና። የሚያስቸግረው አቀባበሉ ራሱ አንዳንድ ጊዜ የእንግድነት ዋና መሣሪያ መሆኑ ነው።

በጥር ወር 1928 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች መሪ ፔር አልቢን ሃንሶን በፓርላማ ባደረጉት ንግግር አገሪቱን «የሕዝብ ቤት» የማድረግ ሐሳብ አቀረቡ፤ በመልካም ቤት ውስጥ ተለይቶ የሚቀማጠልም ሆነ እንደ እንጀራ ልጅ የሚገፋ ሰው የለም የሚለው ምሳሌያቸው በኋላ ለተገነባው የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት መሠረተ ሐሳብ ሆነ። ይህ ቤት በእውነት ተሠርቷል፤ ጡረታው፣ ሕክምናው፣ በ1974 ስዊድን አባቶችንም ጨምራ የደነገገችው የወላጆች ፈቃድ የዚያው ቤት ምሰሶዎች ናቸው። ነገር ግን ቤት የሚለው ምሳሌ ሳይነገር የሚያስከትለው ነገር አለ፤ ቤት ቤተሰብን ይጠይቃል፣ ቤተሰብ ደግሞ መመሳሰልን። ኖርዌያዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማሪያኔ ጉሌስታድ ያስተዋሉትም ይህንኑ ነው፤ በኖርዌይኛ «ሊክሄት» የሚለው አንድ ቃል እኩልነትንም መመሳሰልንም ስለሚገልጽ፣ ሰዎች እኩል መሆናቸው እንዲሰማቸው መመሳሰላቸውን አጉልተው ማየት፣ ልዩነታቸውን ደግሞ እንዳላዩ ማለፍ ይለምዳሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልዩነቱ በቆዳው ላይ የተጻፈ ሰው እኩልነትን ሲጠይቅ፣ ቋንቋው ራሱ መመሳሰልን የጠየቀ ያስመስለዋል።

ጥቁር ፌሚኒዝም የሚባለው የአስተሳሰብ ፈለግ የተነሣው እንዲህ ዓይነቱን ዕይታ ለመሞገት ነው። በአጭሩ ሲገለጽ፣ የጥቁር ሴት ሕይወት የጥቁር ወንድና የነጭ ሴት ችግሮች ድምር አይደለም፣ የቆዳ ቀለም፣ ጾታና የኑሮ ደረጃ በአንድ ገላ ላይ ሲገናኙ ከየብቻቸው የተለየ ሦስተኛ ነገር ይወልዳሉ የሚል ሐሳብ ነው። በ1977 ኮምባሂ ሪቨር ኮሌክቲቭ የተባለው የአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ስብስብ ይህን በመግለጫ አስፍሮታል፤ የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ ደግሞ በ1989 «የመስቀለኛ መንገድ» ምሳሌን በመጠቀም ስም አውጥተውለታል። ክሬንሾ የተነሡበት አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሐሳቡን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል፤ አምስት ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን በአድልዎ ሲከሱ፣ ፍርድ ቤቱ በ1976 ኩባንያው ሴቶችን መቅጠሩንና ጥቁሮችን መቅጠሩን ለየብቻ አይቶ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ የተቀጠሩት ሴቶች ነጮች መሆናቸው ግን በፍርዱ ሚዛን ቦታ አላገኘም። ከሳሾቹ በሁለቱም መዝገብ ውስጥ የሉም፤ በሕግ ፊት ቆመው በሕግ ዓይን አይታዩም።

በሰሜኑ አገሮች ይህ አለመታየት ሌላ መልክ ይይዛል፤ እዚያ የጠፋው መገናኛው ብቻ ሳይሆን ከሚገናኙት መንገዶች የአንዱ ስም ጭምር ነው። ከጥር 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የስዊድን የፀረ አድልዎ ሕግ «ራስ» የሚለውን የስዊድንኛ ቃል፣ ማለትም የሰውን ልጅ በቆዳ ቀለምና በደም የሚከፋፍለውን አጠራር፣ ከአንቀጾቹ አውጥቶ «የብሔረሰብ አባልነት» በሚለው ተክቶታል፤ ምክንያቱም በሳይንስ ረገድ በሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ክፍፍል የለም የሚል ነው። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተፈጥሮ የሌለ ነገር በኅብረተሰብ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ አቤቱታ አይጻፍበትም። የሕዝብ ስታቲስቲክሱም በትውልድ አገርና በወላጆች ትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ከስቶክሆልም ተወላጆች የተወለደች ጥቁር ልጅ ከመዝገቡ ላይ ትጠፋለች፤ ከአውቶቡሱ ውስጥ ግን አትጠፋም። ዴንማርክ በበኩሏ ነዋሪዎቿን «ምዕራባዊ» እና «ምዕራባዊ ያልሆነ» ብላ ትቆጥራለች፤ በዚህ አቆጣጠር አውስትራሊያ ምዕራባዊት ስትሆን ሞሮኮ አይደለችም፤ ካርታ ለሚያነብ ሰው ሞሮኮ ከኮፐንሃገን በስተ ምዕራብ ያለች አገር ናት። ቀለም ያልተባለው ነገር በአቅጣጫ ስም ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ12 አገሮች የሚኖሩ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ጠይቆ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ባለፉት አምስት ዓመታት የዘረኝነት ትንኮሳ ደርሶብናል ያሉት መላሾች ብዛት ከሁሉ የላቀው በፊንላንድ፣ 63 በመቶ፣ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ሊታወቅ የቻለው ጠያቂ በመገኘቱ ነው።

ስሙን የማጥፋቱ ነገር አስገራሚ የሚሆነው ስሙን በማውጣት ረገድ ሰሜኑ ከማንም ያላነሰ ድርሻ ስላለው ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 በታተመው የታላቁ ሥራቸው አሥረኛ እትም የሰውን ልጅ በአህጉርና በቀለም ከፍለው ለየክፍሉ ጠባይ ሲያድሉ፣ ስለ አፍሪካውያን በጻፉት ጥቂት መስመር ውስጥ የሴቶቹን ገላ ለይተው አንሥተዋል፤ ጥቁር ሴት በሰሜኑ መጽሐፍ ውስጥ የገባችው ከጅምሩ በተሳቢነት ነበር። በ1922 በስዊድኗ ኡፕሳላ ውስጥ መንግሥታዊ የዘር ሥነ ሕይወት ተቋም ተከፈተ፤ ከ1934 ጀምሮ ደግሞ በወጡ ሕጎች እስከ 1975 ድረስ 63,000 ያህል ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል፤ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፣ ስንቶቹ በውድ ስንቶቹ በግድ እንደሆነ የሚለየው መስመርም ቀጭን ነበር። የሕዝብ ቤት በሚገነባበት ዘመን ማን በቤቱ ውስጥ መወለድ እንደሚገባው የሚወስን ክፍል ከጓዳው ነበር ማለት ነው። የተጎዱት በአብዛኛው ድሆችና «ደካማ» የተባሉ የአገሩ ተወላጆች መሆናቸው ጉዳዩን ከጥቁር ሴቶች አያርቀውም፤ እንዲያውም የቀለም፣ የጾታና የድህነት ሚዛን በአንድ እጅ ይያዝ እንደነበር ያሳያል።

ከኮፐንሃገን ታሪክ አንድ ነገር ቀረብ ብሎ መመልከት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። በ1905 በታዋቂው የቲቮሊ መናፈሻ በተዘጋጀ የቅኝ ግዛቶች ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ዕይታ እንዲቀርቡ ሁለት ሕፃናት በዴንማርክ ሥር ከነበረችው የካሪቢያን ደሴት ከሴንት ክሮይ በመርከብ መጡ፤ ቪክቶር ኮርኔሊንስ የሰባት ዓመት ልጅ፣ አልበርታ ሮበርትስ የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቪክቶር እንደ ልጅ ወግ ከተመደበበት ስፍራ እየወጣ ሌላውን ትርኢት ለማየት በመዞሩ ሁለቱም በፍርግርግ ውስጥ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ሊያይ የተነሣው ልጅ እንዲታይ ብቻ ተፈረደበት። ቪክቶር አድጎ በናክስኮቭ ከተማ መምህር ሆነ፣ በ1976ም የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳተመ፤ አልበርታ ግን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች በሳንባ ነቀርሳ አረፈች። የፍርግርጉ ታሪክ ዛሬ የሚነበበው በወንዱ ልጅ ቃል ነው። ዘረኝነትን ብቻ የሚመረምር ሰው ሁለት ጥቁር ሕፃናትን አይቶ ያዝናል፤ ጥቁር ፌሚኒዝም ግን በዚያው ፍርግርግ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ምን ትል እንደነበር ይጠይቃል፣ መልሱ ዝምታ መሆኑንም የታሪኩ አካል አድርጎ ይመዘግባል።

ሃንሶን ያንን ንግግር ባደረጉበት በዚያው በ1928 ኒው ዮርክ ውስጥ «ክዊክሳንድ»፣ ማለትም አስማጭ አሸዋ፣ የተባለ ልብ ወለድ ታተመ። ደራሲዋ ኔላ ላርሰን እናቷ ዴንማርካዊት፣ አባቷ ከዴንማርክ የካሪቢያን ደሴቶች የመጣ ጥቁር ሰው ሲሆኑ፣ ራሷም ዴንማርክ ውስጥ የተወሰኑ ዓመታት ኖራለች። የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሄልጋ ክሬን የአሜሪካን ጥላቻ ሸሽታ ኮፐንሃገን ወደሚኖሩት አክስቷ ስትሄድ የሚጠብቃት ጥላቻ ሳይሆን አድናቆት ነው፤ ደማቅ ቀሚስና ትልልቅ ጉትቻ ይመረጥላታል፣ ሰው ሁሉ ሊያያት ይመጣል፣ ስመ ጥር ሠዓሊ መልኳን ይሥላል፣ ለትዳርም ይጠይቃታል፤ እርሷ ግን በሸራው ላይ ራሷን አታገኝም፣ ጋብቻውንም እምቢ ትላለች። ላርሰን በዚህ ያሳየችው በፍልስፍና ረገድ ከባድ ነገር ነው፤ የሰው አባልነት የሚፈተነው በጥላቻ ብቻ አይደለም፣ ፍቅር የሚመስለው አድናቆትም ሰውን ከቤተኛነት ደጃፍ ሊመልስ ይችላል። የተጠላ ሰው ቢያንስ ተቃዋሚ መሆን ይችላል፤ የተደነቀ ሰው ግን የመደነቅን ሥርዓት ሲያፈርስ ባለጌ ይባላል። እንግዳ የሚለው ቃል ሁለቱ ፍቺዎች፣ ክቡሩና ባዳው፣ በሄልጋ ቀሚስ ላይ አንድ ላይ ተሰፍተዋል።

ከዚያ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2012፣ በስቶክሆልሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የተከሠተው ነገር ይኸው ጥያቄ አለመዘጋቱን አሳይቷል። አፍሮ ስዊድናዊው ሠዓሊ ማኮዴ ሊንደ ራቁቷን የተጋደመች ጥቁር ሴት ቅርጽ ያለው ኬክ አዘጋጅቶ ነበር፤ ራሱ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ በጥቁር ቀለም የተቀባ ፊቱን በኬኩ አንገት በኩል አውጥቶ፣ ቢላ ባረፈ ቁጥር ይጮኽ ነበር፤ የባህል ሚኒስትሯ የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆረሱ፣ በዙሪያው የቆሙት እንግዶች ሲስቁ የሚያሳየው ፎቶግራፍም ዓለምን ዞረ። ሥራው የሴት ልጅ ግርዛትን ለመቃወምና የተመልካቹን ዘረኝነት ለማጋለጥ የታለመ ነው ተባለ፤ የአፍሮ ስዊድናውያን ብሔራዊ ማኅበር ደግሞ ሚኒስትሯ ሥልጣን እንዲለቁ ጠየቀ። በክርክሩ ውስጥ ስለ ሥነ ጥበብ ነፃነትም ስለ ዘረኝነትም ብዙ ተባለ፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የነገሩ አቀማመጥ ነው። ገላው የሴት፣ ድምፁ የወንድ፣ ቢላው የመንግሥት ነበር፤ ስለ እርሷ የታዘነላት ሴት በክፍሉ ውስጥ በኬክ መልክ ካልሆነ በቀር አልነበረችም።

መልስ የሚመስል ነገር የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ድምፃዊቷ ሴይናቦ ሴይ በየካቲት 2016 በስዊድን የሙዚቃ ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ስትዘፍን 130 ያህል ጥቁር ሴቶች በመድረኩና በአዳራሹ ውስጥ ቆመው ነበር፤ አልጨፈሩም፣ አላጀቡም፣ ቀጥ ብለው ወደ ተመልካቹ ተመለከቱ። የመድረክ ልማድ ጥቁር ሴት እንድትንቀሳቀስ፣ እንድታዝናና፣ ኃይሏን እንድታሳይ ይጠብቃል፤ መቆም ብቻውን ይህን ልማድ ገታው። እዚያ የታየው በየቢሮው፣ በየክፍሉና በየባቡሩ ለብቻዋ «አንዲቷ ጥቁር» የነበረች ሴት ከሌሎች መሰሎቿ ጋር ስትቆም ከትርኢትነት ወደ ሕዝብነት መለወጧ ነው።

ይሁን እንጂ ቤተኛነትን የሚከለክለው የውጭው ቤት ብቻ አይደለም፤ ዲያስፖራው ራሱ ቤት ነው፣ ቤት ደግሞ ገመና አለው። አማርኛ ገመና የሚለው፣ ለውጭ ሰው የማይገለጠው የቤት ውስጥ ጉዳት፣ ለጥቁር ሴት በሁለት በኩል ስለት ይሆንባታል። ባሏ እንደሚመታት ወይም ሴት ልጇ ላይ የሚጫን ልማድ እንዳለ ከተናገረች፣ ቃሏ «ያው እነርሱ እንዲህ ናቸው» ለሚለው የውጭ ወሬ ማገዶ ይሆናል፤ ዝም ካለች ደግሞ በገዛ ቤቷ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» በሚለው የቆየ ተረት ሥር ትኖራለች። ስዊድን በ1982 የሴት ልጅ ግርዛትን በሕግ ስትከለክል ከምዕራባውያን አገሮች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ሕጉ የሚገባ ሕግ ነው፤ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከጋምቢያ ከመጡት ሴቶችም መካከል ልማዱን በየአገራቸው የታገሉ አሉ። ነገር ግን ሕጉ ሲነገር እነዚህ ታጋዮች እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ተጎጂ ይጠራሉ፤ ከባለቤትነት ወደ ተሳቢነት ይዛወራሉ። ጥቁር ፌሚኒዝም ገመናን ለመግለጥም ሆነ ለመሸፈን አይቸኩልም፤ አስቀድሞ የሚጠይቀው ገላጯ ማን ናት፣ ለማንስ ትናገራለች የሚለውን ነው።

ለአበሻዪቱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚገጥማት ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ወይም አስመራ ሳለች «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ» ወይም «ጠይም» ትባል የነበረች ሴት ጥቁርነትን የመልክ ደረጃ እንጂ የሕዝብ ስም አድርጋ አታውቀውም፤ ኦስሎ ወይም ስቶክሆልም ስትደርስ ግን ያ የቀለም ዝርዝር ሁሉ ተጠቅልሎ ጥቁር ብቻ ይሆናል። አንዳንዶች ይህን ስም ለመሸሽ ከሶማሌዋና ከጋምቢያዋ ራሳቸውን ሲለዩ፣ ሌሎች በተለይም እዚያው የተወለዱት ልጆቻቸው ስሙን በፈቃዳቸው ይይዙታል። በጥቁር ፌሚኒዝም ዕይታ ጥቁርነት ከመልክ የሚነበብ እውነት ሳይሆን በጋራ በደረሰ ነገር ላይ የሚገነባ ዝምድና ነው፤ ስለዚህም ከሽሽቱ ይልቅ ምርጫው ይበልጥ ነፃ ያወጣል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የምስጋና ነው፤ ከጦርነትና ከችግር ያስጠለለ፣ ልጅ ያስተማረ ቤት እንዲህ ይወቀሳል ወይ የሚል ሲሆን፣ «ባጎረስኩ ተነከስኩ» በሚለው የአማርኛ አነጋገር ቢገለጽ ስሜቱን በትክክል ይይዘዋል። ተቃውሞው ክብደት የሚያጣው ማን ማንን እንደሚያጎርስ ሲታይ ነው። በሰሜኑ ከተሞች አረጋውያንን ከአልጋ የምታነሣ፣ የምታጥብ፣ ቃል በቃል በማንኪያ የምታጎርስ ሴት ብዙ ጊዜ አፍሪካዊት ናት፤ የአገሩ ሴት ከቤት ወጥታ ሙሉ ቀን እንድትሠራ ያስቻለው የእኩልነት ሥርዓት ዛሬ በእርሷ ክንድም ላይ ይቆማል። ቀን በቀን ቤቱን ለምትጠብቅ፣ ግብሯንም ለምትከፍል ሴት ምስጋና ዕዳዋ ሊሆን አይችልም፤ ልታመሰግን ትችላለች፣ እንደ ማንኛውም የቤት ሰው ደግሞ ልታጉረመርም ትችላለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥቁር ፌሚኒዝም በአሜሪካ ባርነት ውስጥ የተወለደ እንግዳ ሐሳብ ነው፣ ለሰሜኑ ታሪክ አይመጥንም የሚል ነው። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። የዴንማርክ መርከቦች ከ100,000 በላይ አፍሪካውያንን አትላንቲክን አሻግረዋል፤ ስዊድንም ከ1784 እስከ 1878 ሴንት ባርተሌሚ የምትባል ደሴት ገዝታ ባርነትን እስከ 1847 አቆይታለች። ዴንማርክ ሦስት ደሴቶቿን በ1917 ለአሜሪካ በ25 ሚሊዮን ዶላር ሸጣለች፤ ከጥቁር ፌሚኒዝም ታላላቅ ጸሐፍት አንዷ ኦድሬ ሎርድም የመጨረሻ ዓመታቷን አሳልፋ በ1992 ያረፈችው ከእነዚያ በአንዷ፣ አልበርታና ቪክቶር ከመጡባት በሴንት ክሮይ ነው። ሐሳቡ ወደ ሰሜን የመጣው ወደማያውቀው አገር ሳይሆን የሸጠውን ረስቶ ወደ ተቀመጠ ቤት ነው።

በዚያችው ደሴት በ1878 የእርሻ ሠራተኞች ከባርነት ባልተለየ የውል ሥርዓት ላይ ሲያምፁ ከመሩት መካከል ሕዝቡ «ንግሥት» ብሎ የጠራቸው ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ ሜሪ ቶማስ ተይዛ ወደ ኮፐንሃገን የሴቶች እስር ቤት ተላከች። በመጋቢት 2018 ላ ቮን ቤል የተባለችው የደሴቲቱ ሠዓሊ ከዴንማርካዊቷ ጃኔት ኤለርስ ጋር የሠሩት ሰባት ሜትር የሚደርስ ሐውልት በኮፐንሃገን ወደብ፣ የቅኝ ግዛቱ ስኳር ይከማችበት ከነበረው መጋዘን ፊት ቆመ። ንግሥት ሜሪ በሰፊ ወንበር ተቀምጣለች፤ በአንድ እጇ ችቦ፣ በሌላው የሸንኮራ መቁረጫ ይዛለች። መሠረቷ በባርነት የነበሩ ሰዎች ከባሕር ቆርጠው ያወጡት የዛጎል ድንጋይ ሲሆን፣ ገላዋ ግን ለጊዜው ከተሠራ ቀላል ቁስ ነበር፤ በ2020 መጨረሻ ዐውሎ ነፋስ ጎድቷት ከስፍራዋ ተነሣች። ከባዱ ያለፈው ሥራ፣ ቀላሉ የዛሬው ዕውቅና ነበር።

ሐውልቱ መቀመጡ ትርጉም አለው፤ እንግዳ «ተቀመጪ» እስኪባል ይቆማልና። ሆኖም ጥቁር ፌሚኒዝም የሚመኘው ቤቱን በንብረትነት ይዞ ሌላውን ደጅ ማስጠናት አይደለም፤ የንብረት ባለቤትነት ሁልጊዜ አንድ የሚከለከል ሰው ይሻል፣ ኮፐንሃገንም ስኳሩን በዚህ ዓይነት ባለቤትነት አከማችታለች። የሚፈለገው የሰዋስው ባለቤትነት ነው፤ «ተቀበሏት፣ አዳኗት፣ አዋሐዷት» በሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ተስባ የኖረች ሴት «አየሁ፣ እላለሁ፣ አልቀበልም» የሚሉ ግሦችን ራሷ መያዟ። አንድ ቤት እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ከጥቁር ሴት አፍ ሰምቶ ከየት እንደመጣች ሳይጠይቃት ስለ ወጡ ጨው መነጋገር የጀመረ ዕለት፣ ስለ ቤተኛነቷ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።